የትንሽ ጀልባ ደቀል ስለ ማቆም

የቤተ ሰብን ኑሮ በምንናገርበት በዚህ ገጽ ስለ ጀልባ መጻፋችን ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። አገራችን የባሕር ዳርቻ የሌላት ስለ ሆነች፥ ሸራ ወጥሮ በነፋስ ኀይል መሄድ በየቤታችን የሚታወቅ ልማድ አይደለም። ነገር ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ ባሕር ጕዞ አይደለም። የምንጽፈው፥ ረዥምና ከባድ የሆነ አንድ ነገር ከተጋደመበት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አባትና እናት ከልጃቸው ጋር ሆነው ስላደረጉት ሥራ ነው። ይህ ሥራ አስቀድሞ በጕልበት ብቻ ተሞክሮ ምን ያህል አደጋ ሊያደርስ እንደ ነበረ፥ በኋላም በቤት በተሠራ ቀላል መሣሪያ እንዴት እንደ ተቃና በዐይናችን አይተናልና፥ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ብንገልጽ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር አንድ የቅርብ ዘመዳችንን ለመጠየቅ በአሜሪካ አገር ወደምትገኘው ወደ ሲያትል ከተማ ሄደን ነበር። ሐምሌ በእኛ ዘንድ የዝናምና የጭቃ ወር ሲሆን፥ በዚያ አገር ግን ሰማዩ የሚጠራበት፥ ሰውም ሁሉ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ውሃ ዳር የሚወርድበት የበጋ ወር ነው። ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ የዋሽንግተን ሐይቅ የሚባል፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረዥም ሐይቅ አለ፤ ይህም ሐይቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው ቦይና የውሃ በር አማካይነት ከባሕር ጋር ይገናኛል። በሲያትልና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ዘመዳችንም ከሚስቱና የዐሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ካለው ልጁ ጋር በዚያ መኖር ከጀመረ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፥ የአገሩን ሰዎች ልማድ ተከትሎ አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝቶ ነበር።

የጀልባይቱ ርዝመት 22 ጫማ፥ ይኸውም 6 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከወገቧ ላይ ሸራው የሚሰቀልበት ረዥም ምሰሶ ይቆማል፤ በመጻሕፍት ደቀል ተብሎ የሚጠራው ይህ ነው። የዚህች ጀልባ ደቀል ከአሉሚኒዩም የተሠራ ሆኖ ርዝመቱ 7 ሜትር ተኩል ነው። እንዲህ ያለችው ትንሽ ጀልባ በወደብ ታስራ የምትኖር ሳትሆን፥ በተሳቢ ላይ ተጭና በባለቤቷ ግቢ ትቀመጣለች፤ በተፈለገችም ጊዜ አውቶሞቢል እየጐተታት ወደ ሐይቁ ትወርዳለች። ደቀሉ ቆሞ እንዳለ በመንገድ መሄድ ከድልድይና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር መጋጨት ስለ ሆነ፥ ግርጌው በብረት ማጠፊያ ተሠርቶ ወደ ኋላ እንዲጋደም ተደርጓል። ስለዚህ ባለቤቷ ከውሃው ዳር በደረሰ ቍጥር ደቀሉን ማቆም፥ ወደ ቤቱም በሚመለስበት ጊዜ ማውረድ ግዴታው ነው።

ደቀሉ ቆሞ የሚጸናው እንደ ድንኳን ምሰሶ በአውታር ነው። ከላይ ተነሥተው ወደ ፊት፥ ወደ ኋላ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወርዱ ከብረት ሽቦ የተገመዱ አውታሮች አሉት። እነዚህ ሁሉ በየቦታቸው ተወጥረው ከታሰሩ በኋላ ነፋስ በቀላሉ አይጥለውም። ችግሩ ያለው ከተጋደመበት ተነሥቶ እስኪቆም ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ አውታሮቹ ላልተው የሚንጓለሉ ስለ ሆኑ፥ ደቀሉን የሚይዘው የሰው እጅ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዘመዳችን ሁለት ወዳጆቹን ጠርቶ ሥራውን በጕልበት ለመፈጸም ተነሣ። እርሱና አንዱ ወዳጁ ከጀልባይቱ ላይ ወጥተው ደቀሉን በትከሻቸው እየገፉ ወደ ላይ ሲያነሡ፥ ሁለተኛው ከጀልባይቱ አፍንጫ ፊት ለፊት ቆሞ የፊቱን አውታር ይስብ ጀመር። እኛም ከዳር ቆመን፥ «በርቱ፥ ጥቂት ቀረ» እያልን ከማበረታታት በቀር የሠራነው ነገር አልነበረም።

ደቀሉ ከእኩሌታው በላይ ከተነሣ በኋላ የግራው አውታር በጀልባይቱ ጠርዝ ላይ ካለ የብረት ጕጥ ሥር ገብቶ ተያዘ። ከፊት የነበረው ሰው ይህን ስላላየ መሳቡን አልተወም። ደቀሉ ወደ ጎን ዘመመ። ከሥር ይገፋ የነበረው አንዱ «ሳብ» ሲል፥ ሌላው «ልቀቅ» ይል ነበርና ሳቢው የማንን ቃል እንደሚሰማ ግራ ገባው። ወዲያውም ደቀሉ ከእጃቸው አምልጦ በጀልባይቱ ጎን ወደቀ። ልጁ የአባቱን ሥራ በቅርብ ለማየት ብሎ፥ እኛም ሳናየው፥ ወደዚያ ወገን ዞሮ ኖሯል። የደቀሉ ጫፍ መሬቱን የመታው ከልጁ እግር አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

እናቱ ሮጣ ልጇን ከራሱ እስከ እግሩ ዳሰሰችው፤ ደኅና ነበረ። አባትዮው ግን ቃል ሳይናገር ብዙ ጊዜ ቆመ። ማጠፊያው ጠምሞ፥ በጫፉ ላይ የነበረው መብራትም ተሰባብሮ ስለ ነበረ፥ በዚያ ቀን ወደ ውሃ የገባ የለም። እኛም «በርቱ» ባልንበት አፋችን «ልጁ ወዴት አለ?» ብለን ሳንጠይቅ በመቅረታችን አፍረን ተመለስን።

በዚያ ምሽት ከራት በኋላ የቤቱ እመቤት እንዲህ አለች። «እኔ ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ለሠርግ ድንኳን ሲተከል አይ ነበር። ምሰሶውን የሚያቆሙት ሁለት ሰዎች ቢሆኑ፥ አውታሩን ይዘው ከግራና ከቀኝ የሚጠብቁት ግን አራት ነበሩ። ዛሬ ግን ሦስታችሁም ወደ ላይ ስታነሡ ነበር። ጎኑን ማን ይዞት ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ ከእኛ መካከል መልስ የነበረው ሰው አልተገኘም። ነገር ግን ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ወለደ፤ ዘመዳችንም ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ፥ ሦስት ጐልማሶች ያቃታቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ከእኛ ጋር ይመረምር ጀመር። ያገኘነውም ነገር ይህ ነው።

ደቀሉ እጅግ ከባድ አይደለም። ከነአውታሩ 20 ኪሎ ይመዝናል ብንል፥ ክብደቱም በርዝመቱ ሁሉ እኩል የተከፋፈለ ቢሆን፥ ይህ ክብደት ከማጠፊያው 3 ሜትር ከ75 ሳንቲሜትር ርቆ እንደ ተንጠለጠለ ይቈጠራል። ገመዱ የሚሳብበት የጀልባይቱ አፍንጫ ደግሞ ከማጠፊያው 2 ሜትር ተኩል ወደ ፊት ይርቃል። እንግዲህ ደቀሉ ፈጽሞ በተጋደመ ጊዜ የደቀሉ ጫፍ፥ ማጠፊያውና አፍንጫው በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። በዚህ ጊዜ ከአፍንጫው ሆኖ የሚስብ ሰው የቱንም ያህል ቢበረታ፥ ደቀሉን ወደ ማጠፊያው ይገፋዋል እንጂ ከፍ አያደርገውም። በሰው ትከሻ ተደግፎ ዐሥር ዲግሪ ያህል ከተነሣ በኋላ እንኳ፥ በገመዱ ብቻ ለመያዝ ከ220 ኪሎ የሚበልጥ ስበት ያስፈልጋል። ሃያ ኪሎ የሚመዝነውን ነገር ለማንሣት ከዐሥር እጥፍ የሚበልጥ ኀይል መጠየቁ፥ ገመዱ ዝቅ ካለ ስፍራ ስለሚስብ ነው። ጥፋቱ የክንድ ማነስ ሳይሆን የገመዱ አቅጣጫ ነበረ።

መፍትሔውም ከዚህ ተገኘ። ገመዱ ከመነሻው ከፍ ብሎ እንዲስብ፥ ከማጠፊያው አጠገብ ሌላ አጭር ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ከደቀሉ ጫፍ የሚመጣው ገመድ ከዚህ አጭር ምሰሶ ራስ ላይ ይታሰራል፤ ከምሰሶው ራስ ደግሞ ሌላ ገመድ ወደ አፍንጫው ይወርዳል። አፍንጫው ላይ ሲሳብ አጭሩ ምሰሶ ወደ ፊት ይጋደማል፤ እርሱ በተጋደመ መጠን ረዥሙ ደቀል ይነሣል። አንዱ ሲተኛ ሌላው እንዲቆም ሁለቱ በገመድ ተጣምረዋል ማለት ነው። የአጭሩ ምሰሶ ከፍታ 2 ሜትር ቢሆን፥ ደቀሉ ፈጽሞ ከተጋደመበት ለማንሣት የሚያስፈልገው ስበት 48 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ደቀሉ እኩሌታ በተነሣ ጊዜም ወደ 27 ኪሎ ይወርዳል።

ይህንም ስበት ደግሞ መዘውር ያቃልለዋል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መንኰራኵር ያላቸው ሁለት መዘውሮች በአንድ ገመድ ቢያያዙ፥ ሸክሙ በአራት የገመድ ዘርፍ ስለሚከፈል 48ቱ ኪሎ 12 ኪሎ ይሆናል። የመንኰራኵሩ ፍትጊያ ጥቂት ቢጨምርበት እንኳ ከ16 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ይህን ለመሳብ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይበቃል። ነገር ግን በነጻ የሚገኝ ነገር የለምና፥ በኀይል የተረፈው በርዝመት ይከፈላል። የምሰሶው ራስ ወደ አፍንጫው 2 ሜትር ከ70 ሲቀርብ፥ ልጁ 11 ሜትር ያህል ገመድ መሳብ አለበት። ስለዚህ ሥራው ይቀላል እንጂ አይፈጥንም፤ ገመዱም ከ16 ሜትር ማነስ የለበትም።

አሠራሩን ለማወቅ ለሚወዱ አንባቢዎች ዝርዝሩን እንነግራቸዋለን። ዘመዳችን አጭሩን ምሰሶ በአንድ እንጨት አልሠራውም፤ አንድ እንጨት ራሱ ወደ ጎን ሊወድቅ ይችላልና። በዚህ ፈንታ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ከ25 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ ሁለት የብረት የውሃ ቧንቧዎች ወስዶ፥ ጫፋቸውን በመዶሻ ጠፍጥፎ፥ ከላይ በአንድ ብሎንና ዳዶ አጋጠማቸው። እግሮቻቸውን ሁለት ሜትር ያህል አራርቆ፥ ከማጠፊያው ትክክል በጀልባይቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ እንደ ማጠፊያ በሚዞር ብሎን አሰራቸው። እንዲህ ሲሆን ከመሬት ላይ እግሩን ከፍቶ እንደ ቆመ ሰው ስለሚመስል፥ ልጁ «መንታ እግር» ብሎ ስም አወጣለት። መንታ እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን አይወድቅም። ከፍታውም ከማጠፊያው እስከ አፍንጫው ካለው ርቀት ማነስ አለበት፤ ያለዚያ በመጨረሻ ሲጋደም ከአፍንጫው አልፎ ይሄዳል፥ መዘውሮቹም ስፍራ ያጣሉ።

እመቤቲቱ ለጠየቀችው ጥያቄ የተገኘው መልስ ደግሞ ሁለት የጎን ገመዶች ናቸው። የጀልባይቱ የራሷ የጎን አውታሮች የሚታሰሩት ከማጠፊያው ዝቅ ብሎ ባለው ጠርዝ ላይ ስለ ሆነ፥ ደቀሉ ሲጋደም ይላላሉ፤ የሚወጠሩት ደቀሉ ከቆመ በኋላ ነው። በሚያስፈልጉበት ጊዜ የማይገኙ ጠባቂዎች ናቸው ማለት ነው። አዲሶቹ ገመዶች ግን ከደቀሉ ግርጌ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብለው ታስረው፥ ሌላው ጫፋቸው ከማጠፊያው ጋር በአንድ መስመርና በአንድ ከፍታ በተሠሩ ቀለበቶች ላይ ተያዘ። ቀለበቶቹ ከማጠፊያው መስመር ላይ እስከ ሆኑ ድረስ፥ ደቀሉ ቢጋደምም ቢቆምም የገመዶቹ ርዝመት አይለወጥም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ተወጠሩ ናቸው። ቀለበቱ ከዚህ መስመር የራቀ እንደ ሆነ ግን ገመዱ ወይ ይላላል፥ ወይ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ይበጠሳል። ከሥራው ሁሉ ብዙ መለካት የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ከጀልባይቱ በስተ ኋላ ደግሞ ሁለት ሳንቃዎች እንደ መስቀለኛ ተጋጥመው ለደቀሉ መደገፊያ ሆኑ። ደቀሉ በዚህ ላይ ሲያርፍ ጫፉ ከመነሻው ጥቂት ከፍ ስለሚል፥ ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ስበት ይቀልለታል። የሚስበውም ገመድ ከመዘውሩ በሚወጣበት ስፍራ ገመዱን ነክሶ የሚይዝ ጥርስ ተደረገለት፤ ሳቢው ገመዱን ሲለቅ ጥርሱ ይነክሰዋል፥ ደቀሉም ካለበት ከፍታ አይወርድም። የዚህን ጥርስ ጥቅም ወደ ፊት እንናገራለን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማጠፊያው ተበጅቶ፥ መንታ እግሩም በግቢ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተፈትኖ፥ ቤተ ሰቡ ወደ ሐይቁ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ወዳጆች አልተጠሩም። ሥራው እንዲህ ተከፈለ። ልጁ ከጀልባይቱ አፍንጫ ፊት ለፊት በመሬት ላይ ቆሞ ገመዱን ይስባል፤ ደቀሉ ቢወድቅ የማይደርስበት ስፍራ ይህ ነውና። አባቱ ከጀልባይቱ ላይ ሆኖ ደቀሉን በእጁ ይመራዋል እንጂ አይሸከመውም። እናቱ ደቀሉ ከሚደርስበት ርቃ በጎን በኩል ትቆማለች፤ አውታሮቹን ትመለከታለች፥ ትእዛዝ የምትሰጠውም እርስዋ ብቻ ናት። እርስዋ «ቁም» ካለች፥ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ሥራው ይቆማል። እኛም በዚህ ጊዜ ሥራ አላጣንም፤ መንገደኛና የሌላ ሰው ልጅ ወደ ሥራው ስፍራ እንዳይቀርብ ስንጠብቅ ቆየን።

ልጁ መሳብ ጀመረ። ደቀሉ ከመደገፊያው ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ መንታ እግሩም በዚያው መጠን ወደ ፊት አጐነበሰ። ከእኩሌታው በላይ በደረሰ ጊዜ እመቤቲቱ «ቁም» አለች። ያው የግራው አውታር በያው በብረቱ ጕጥ ሥር ገብቶ ተይዞ ነበር። ልጁ ገመዱን ለጥርሱ አስነከሰና እጁን አነሣ። ያ ሁሉ ርዝመት በአየር መካከል ዘንበል ብሎ፥ ሰው ሳይሸከመው፥ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል ቆመ። አባትዮው ደቀሉን ለቆ፥ በጠርዙ በኩል በዝግታ ሄዶ አውታሩን ከጕጡ ሥር አላቀቀና ወደ ቦታው ተመለሰ። እናትዮዋም «ሳብ» አለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደቀሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የፊቱም አውታር በብሎኑ ታሰረ።

አንባቢዎቻችን ይህን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። በሁለተኛው ቀን ችግሩ አልቀረም፤ በመጀመሪያው ቀን የደረሰው እክል በዚያው ስፍራ፥ በዚያው አውታር እንደ ገና ደርሷል። ልዩነቱ፥ በመጀመሪያው ቀን ሥራው በመካከል ሊቆም የማይችል ሆኖ፥ በሁለተኛው ቀን ግን ሊቆም መቻሉ ነው። በጕልበት የሚያነሣ ሰው ወይ ይፈጽማል፥ ወይ ይጥላል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ስለዚህ መሣሪያው ካተረፈው ነገር ሁሉ የሚበልጠው፥ ሸክሙን በአራት መክፈሉ ሳይሆን፥ ስሕተት በታየ ጊዜ ለማረም ዕረፍት መስጠቱ ነው።

ይህን ዘዴ ዘመዳችን አዲስ የፈጠረው አይደለም፤ ከእርሱ በፊትም ብዙዎች ተጠቅመውበታል። በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ወንዞችና ሐይቆች ላይ ዌሪ የሚባሉ ጭነት የሚያመላልሱ የሸራ ጀልባዎች ነበሩ። በዚያ ያሉት አሮጌ ድልድዮች ዝቅ ያሉ በመሆናቸው፥ ዌሪዎቹ ከድልድይ በደረሱ ቍጥር ከባዱን የእንጨት ደቀላቸውን አውርደው፥ ካለፉ በኋላ መልሰው ማቆም ነበረባቸው። ለዚህም የደቀሉን ግርጌ ከማጠፊያው በታች አስረዝመው፥ ከባድ የእርሳስ ብረት ይጭኑበታል። ከታች ያለው ክብደት ከላይ ያለውን ርዝመት ስለሚመዝነው፥ ባለ ጀልባው ከአንድ ረዳት ጋር ሆኖ ደቀሉን ማውረድና ማንሣት ይችል ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. የተሠራችው አልቢዮን የምትባለው ዌሪ፥ በ1949 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ በተቋቋመ ማኅበር አማካይነት ከጥፋት ተርፋለች።

የአንድ ሰው ትእዛዝ መስማትም እንዲሁ የቈየ ጥበብ ነው። በሮማ ከተማ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የቆመው ከግብፅ የመጣው ታላቅ ሐውልት ቁመቱ 25 ሜትር ያህል፥ ክብደቱም ከ300 ቶን በላይ ነው። ዶሜኒኮ ፎንታና የሚባለው መሐንዲስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1586 ዓ.ም. ይህን ሐውልት ከቀድሞ ስፍራው አዛውሮ ሲያቆመው፥ 900 የሚያህሉ ሠራተኞችና ብዙ ፈረሶች በገመድና በመዘውር ይስቡ ነበር። በሥራው ጊዜ ማንም ሰው ድምፅ እንዳያሰማ ተከልክሎ፥ መለከት ሲነፋ ሁሉም ይስባሉ፥ ደወል ሲደወል ሁሉም ይቆማሉ። ዘጠኝ መቶ ሰው በአንድ ደወል ከቆመ፥ አንድ ቤተ ሰብ በእናቲቱ ቃል ለመቆም ሊያፍር አይገባውም።

አሁን ከመጨረሳችን በፊት ልናስጠነቅቅ የሚገባን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። የአሉሚኒዩም ደቀልና የብረት አውታር ኤሌክትሪክን ያስተላልፋሉ፤ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ የነካ እንደ ሆነ፥ ደቀሉን ወይም አውታሩን የያዘ ሰው ሊሞት ይችላል። የወደቀ ደቀል ብዙ ጊዜ የሚሰብረው መብራትና ማጠፊያ ሲሆን፥ ይህ ግን ሁለተኛ ጊዜ አያስተምርም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ዐይንን ወደ ላይ አንሥቶ መመልከት ያስፈልጋል፤ ያሉበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን፥ ደቀሉ ከቆመ በኋላ ጀልባይቱ እስከ ውሃው የምትሄድበትን መንገድ ሁሉ መመልከት ያሻል። ሽቦ ባለበት አጠገብ ደቀል አይቆምም።

ሁለተኛው ስለ ማውረድ ነው። ብዙ ሰዎች ለማንሣት ይጠነቀቁና ማውረድን ይንቁታል፤ ደክመው ወደ ቤታቸው ለመመለስ የሚቸኩሉበት ጊዜ ነውና። ነገር ግን ደቀሉ ሲወርድ ክብደቱ በእያንዳንዱ ዲግሪ እየጨመረ ይሄዳል፤ ቀላል መስሎ ይጀምርና ከባድ ሆኖ ይጨርሳል። ስለዚህ የፊቱ አውታር ከመፈታቱ በፊት መንታ እግሩ፥ የጎኑ ገመዶችና መዘውሩ ሁሉ በየቦታቸው መሆናቸውን መርምሮ፥ ገመዱን በጥርሱ በኩል እያሳለፉ ጥቂት በጥቂት መልቀቅ ነው። ገመዱ የተላላጠ፥ ብሎኑም የጠመመ እንደ ሆነ መለወጥ እንጂ «ለዛሬ ይበቃል» ማለት አይገባም።

በዚያ ቀን ማታ ጀልባይቱ ከሐይቁ ወጥታ ደቀሉ ከወረደ በኋላ፥ አጠገባቸው ጀልባውን ሲያሰናዳ የነበረ አንድ ሽማግሌ ወደ ዘመዳችን ቀርቦ፥ ጠዋት ያን ደቀል ያለ ረዳት እንዴት እንዳቆመው ጠየቀው። ዘመዳችንም ገመዱን ይጠቀልል ወደ ነበረው ወደ ልጁ እያመለከተ፥ «ያቆመው እርሱ ነው፤ እንዳይወድቅ ያደረገችው እናቱ ናት፤ እኔ የያዝኩት በእጄ ብቻ ነው» ብሎ መለሰለት። ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን መጠቅለሉን ቀጠለ፤ ነገር ግን የጠቀለለውን ፈትቶ እንደ ገና አሳምሮ ሲጠቀልል አየነው።

በአገራችን የሸራ ጀልባ ያለው ሰው ጥቂት ነው። የሚያነሣው ከባድ ነገር የሌለው የቤት ጌታ ግን አይገኝም። የሚቆም የቤት ምሰሶ፥ የሚተከል ድንኳን፥ ወደ ሰቀላው የሚወጣ ወራጅ በየቤቱ አለ። እንዲህ ያለው ሥራ በሚመጣበት ጊዜ «ስንት ጕልበተኛ እንጥራ?» ከማለት አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል እንላለን። ገመዱ ከየት ሆኖ ይስባል? ጎኑን ማን ይዞታል? ስሕተት ቢታይ «ቁም» የሚለውስ ማን ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያለው ቤት፥ ሥራውን በልጁ እጅ ሊያስፈጽም ይችላል። መልስ የሌለው ግን ብዙ ጐልማሶችን ሰብስቦ ሳለ ልጁ የት እንደ ቆመ ሳያውቅ ይቀራል።